በቀይ ምልክት የተጻፈው ሳክስፎን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰብለ የምድር ቤቱን ኮተት ልታስተካክልልኝ ሲያትል አጠገብ እስካለችው ኬንት ድረስ መጣች። ጉልበቴ ደረጃ መውረድ እንቢ ካለኝ ወዲህ ምድር ቤቱ የእሷ ግዛት ሆኗል። ምን እንደሚጣል፣ ምን እንደሚቀር የምትወስነው እሷ ናት፤ እኔ ከላይ ሆኜ እለምናለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ስታንኳኳ ከቆየች በኋላ አንድ ደብተር በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ጠርዙን ውሃ የበላው፣ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ነው። ገለጥ አደረገችው። በጥቁር እስክሪብቶ የተጻፉ ፊደሎች፣ ከፊደሎቹ በላይ ደግሞ በቀይ የተጫሩ ደቃቅ ምልክቶች አየች። ደብተሩን ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ከዚያም ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«ሶሪ ባባ፣ መሬት ላይ ነበር» አለችኝ። «የጸሎት መጽሐፍ ነው አይደል?»

ልስቅ ዳዳኝ። ልጄ የሳመችው የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ አንድ ጎረምሳ ጥንት እዚሁ ሲያትል ሰው ሊያስጨፍርበት በሳክስፎን የነፋው። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ቀዩን ቀለም ሳየው ተውኩት። ደብተሩን ተቀበልኳትና ሥራዋን ትታ እንድትቀመጥ ጠየቅኳት።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ከገባሁ ሁለተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። ክረምት ስል የዚህን አገሩን ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ የሚያካፋውን። የሲያትል ዝናብ እንደኛ አገር ዝናብ ዶፉን አውርዶ አይገላገልም፤ ጠዋት ያካፋል፣ ማታ ያካፋል፣ ሰዉም ጃንጥላ ሳይዝ እያካፋበት ይሄዳል። እኔና ጓደኛዬ ሀብቶም ሶዶ በሚባል የሲያትል ሰፈር ውስጥ በአንድ መጋዘን ካርቶን እንጭን ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገብተን ስምንት ሰዓት እንወጣለን። የሀብቶም ወላጆች የአሥመራ ሰዎች ናቸው፣ እሱ ግን ካሳንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ ከማንም ጋር ቶሎ የሚግባባ ተጫዋች ነው። የሚነዳት አሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያዋ በሾፌሩ በኩል ብቻ ስለሚሠራ፣ እኔ ያን ጊዜ ሲያትልን ያየኋት በውሃ ውስጥ ነው።

የምንኖረው ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ፣ የአንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ምድር ቤት ተከራይተን ነበር። ከላይ የቤቱ ባለቤት ሚስተር ሆሊስ ይኖራሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ከማለፍ በቀር ከእኛ ጋር ብዙም አያወሩም።

ከሥራ ስመለስ ጊታሬን አነሳለሁ። ጊታር የለመድኩት አዲስ አበባ፣ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዜማ ቤት ነበርኩ። አባቴ ካህን እንድሆንላቸው ተመኝተው የኔታ ዘንድ አስገቡኝ፤ አራት ዓመት ተምሬ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጥዬ ጠፋሁ። አባቴ ስለዚህ ነገር እስኪሞቱ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለማንኛውም፣ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ጣቶቼ እስኪቃጠሉ ጃዝ እጫወታለሁ። ያን ጊዜ ጃዝ ማለት ለእኔ ብዙ ድምፅ በፍጥነት ማውጣት ነበር። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴው ነኝ የደረስኩበት።

አንድ ቀን፣ ኅዳር ሳይሆን አይቀርም፣ ከሰዓት በኋላ እየተጫወትኩ ሳለ ጣሪያው ተደበደበ። ከላይ በከዘራ ነው የሚደበደበው። ሀብቶም ሽሮውን እያማሰለ ቀና አለ።

«አለቀልን» አለኝ። «ሰውዬው ሊያስወጣን ነው። ሶ፣ አንተ ጊታርህን ይዘህ ከከተማ ወጥተህ ኦበርን ትገባለህ፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ፣ ኦኬ?»

ጊታሬን አስቀምጬ ደረጃውን ወጣሁ። ሚስተር ሆሊስ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል።

«አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳዳምጥህ ነበር» አሉኝ።

«ይቅርታ፣ ከእንግዲህ ድምፁን እቀንሳለሁ።»

«ድምፁ ምንም አላደረገኝም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈስክም። እኔ ሳንባዬ በሽተኛ ነው፤ አንተን እየሰማሁ እዚህ ላይ ሆኜ ትንፋሽ አጠረኝ።»

አስገቡኝ። ሳሎናቸው ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አንድ ሳክስፎን እንደ እንግዳ ተቀምጧል። በወጣትነታቸው ያ ሰፈር በጭፈራ ቤት የተሞላ ነበር፣ እሳቸውም በትልልቅ የዳንስ ባንዶች ውስጥ ነፍተዋል። ኋላ ሲጋራውና ይሠሩበት የነበረው የመርከብ ፋብሪካ ብናኝ ተባብረው ሳንባቸውን በሉት። ሳክስፎኑን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል፣ ወደ አፋቸው ግን አያስጠጉትም።

«ሳክስፎን የሚነፋው ሰው ነው» አሉኝ። «ሰው ደግሞ አየር ያልቅበታል። ስለዚህ የሚናገረውን መርጦ ይናገራል። ጊታር አየር አያልቅበትም፣ ችግሩም እሱ ነው። ነገ ና።»

በማግሥቱ ስሄድ አንድ ብርጭቆ ውሃና ስትሮ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ስትሮውን ነክሼ ውሃው ውስጥ እየነፋሁ ጊታሩን እንድጫወት አዘዙኝ። ውሃው ማንኮርኮሩን ሲያቆም እጄም ማቆም አለበት። አየር ስቤ ካልነፋሁ በቀር መጫወት የለም። መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ድምፅ ሳላወጣ አየሬ ያልቃል፤ እጄ መሮጥ ለምዷል፣ ደረቴ አይከተለውም። ሀብቶም ሊጠራኝ መጥቶ ውሃ እያንኮረኮርኩ ጊታር ስመታ ሲያገኘኝ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። መጋዘን ውስጥ ለሁሉም አወራው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ባየኝ ቁጥር ስትሮ አምጡለት ይላል።

ያም ሆኖ ውሃው አስተማረኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ረቂቅ ነበር። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ አይመታም፤ የመጀመሪያውን በምላሱ ነክቶ የቀሩትን በአንድ ትንፋሽ ያንሸራትታቸዋል። ስለዚህ በቀኝ እጄ ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነክቼ የቀረውን የግራ እጄ ጣቶች እንዲጨርሱት ተማርኩ። ረጅም ድምፅ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ሊያልቅ ሲል ነው። ከሁሉ የከበደኝ መዘግየቱ ነበር። ከበሮው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳክስፎኑ ከኋላው ቀስ እያለ ይከተለዋል፣ ግን አይቀርም። ሚስተር ሆሊስ ይህን ሲያስረዱኝ ሳሎኑ ውስጥ እየተንጎራደዱ ነበር፣ መድረሻውን የሚያውቅ ሰው አረማመድ። በሦስተኛው ዙር አስላቸውና ተቀመጡ።

ትምህርቱ ሲያልቅ እንበላለን። ጎመን ይቀቅሉ ነበር፤ ጎመኑን ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፣ ውስጡ የአሳማ ሥጋ እንዳለ ሲነግሩኝ ግን ሹካዬን አስቀመጥኩ። በሚቀጥለው ጊዜ የቱርክ ዶሮ ሥጋ አድርገውበት አገኘሁ። ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ሲያውቁ ደግሞ ባዶውን በዘይት ይሠሩልኝ ጀመር። እኔም ሽሮ አመጣላቸዋለሁ፤ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። ደንበኛ ሽሮ በበቆሎ ዳቦ ሲበላ ማየት መጀመሪያ አሳዘነኝ፣ በኋላ እኔም ለመድኩት።

የካቲት ላይ አንድ ካሴት ሰጡኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ በአንድ ጭፈራ ላይ የተቀዳ ነው፤ ከሸክላ ወደ ካሴት ሌላ ሰው ገልብጦላቸዋል። ዘፈኑ መሃል ላይ ባንዱ ዝቅ ይልና የሚስተር ሆሊስ ሳክስፎን ብቻውን ወጥቶ ይናገራል። አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ይህችን ክፍል «የእኔ ዙር» ይሏታል። በየዓመቱ ግንቦት መጀመሪያ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ እየተሰበሰቡ ይጨፍራሉ። ሚስተር ሆሊስም በየዓመቱ ዙራቸውን ይነፉ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከመሃል ትንፋሽ አጥሯቸው አቋርጠው ተቀምጠዋል።

«ዘንድሮ ከነጭራሹ አልችልም» አሉኝ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ከተደረገ ሳምንት ሆኖታል። «አንተ ትጫወትልኛለህ። ሳልሞት አንድ ጊዜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ልስማት። እስከዚያ ግን ሙሉውን እንዳታሰማኝ፤ ቁርጥራጩን እዚህ እናስተካክላለን፣ ሙሉውን በቀኑ እሰማለሁ።»

እሺ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት። ኖታ ማንበብ አልችልም። ካሴቱን እየመለስኩ ብሰማው ጆሮዬ የያዘውን ጣቴ በማግሥቱ ይረሳዋል። ሦስት ቀን ከታገልኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሚስተር ሆሊስ ዙራቸውን በአፋቸው ሊያሳዩኝ ሲፈልጉ «ዱ ባ ዲ ያ» እያሉ ያዜማሉ። ይህን ድምፅ በፊደል ጻፍኩት። ከፊደሎቹ በላይ ደግሞ ዜማ ቤት የተማርኳቸውን ምልክቶች በቀይ አስቀመጥኩ። ድምፁ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚሳብበት ላይ ቅናት፣ ወደ ታች የሚወርድበት ላይ ድፋት፣ የሚሮጥበት ላይ ሂደት፣ መጨረሻው በሚንቀጠቀጥበት ላይ ርክርክ። ሁሉም ልክ ልኩን አገኘ። ሳክስፎኑ የሚያደርገውን ሁሉ የኔታ ስሙን አስተምረውኛል። እጄ መጻፉን አልረሳም ነበር። ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። በዚያ ምልክት ዳንስ ስጽፍ አባቴ ቢያዩኝ ምን ይሉ እንደነበር እያሰብኩ ከጓደኛዬ እንኳ ደብተሩን እደብቅ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴ የመጣው ከዚያው ከዜማ ቤት ነው። ካሴቱ ላይ ከዙሯ አጋማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ሳክስፎኑ እንደ ጉድ ይሮጥና ድንገት ጸጥ ይላል። ከበሮውና ፒያኖው ብቻቸውን ይሄዳሉ። ስምንት ጊዜ እግር መሬት ከመታ በኋላ አንድ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ይገባል። ሚስተር ሆሊስ በአፋቸው ሲያዜሙት ግን ይህ ባዶ ቦታ የለም፤ እዚያ ላይ ሌላ ነገር ይሉበታል። ከሁለቱ የቱን ልያዝ? ዜማ ቤት ከመጽሐፉ ላይ አንዲት ምልክት መጨመርም መቀነስም በአርጩሜ ያስገርፋል፤ አፍ ይሳሳታል፣ መጽሐፍ አይሳሳትም። ሽማግሌው እርጅና ተጫጭኗቸው ዘንግተው ነው አልኩና ካሴቱን አመንኩ። በደብተሩ ላይ አራት ነጥብ አደረግሁበት፣ ከሥሩ ስምንት ጭረት ጫርኩ። ደግሞም ባሰብኩት ቁጥር ጥልቅ ጥበብ መሰለኝ። ያን ሁሉ ሮጦ ዝም ማለት!

ሀብቶም አንድ ቀን ስለማመድ ሰምቶኝ «እዚህ ጋ ተሳሳትክ እንዴ?» አለኝ።

«አልተሳሳትኩም፣ እንዲሁ ነው።»

«እንዴት እንዲሁ ይሆናል? በደህና ስትሄድ ቆይተህ ስቶፕ አደረግክ። ሰው የረሳህ ነው የሚመስለው። ሶ፣ የሆነ ነገር ሙላበታ።»

«አይሞላም» አልኩት፣ ተቆጥቼ። «እንደዚህ ነው የተሰጠኝ።»

«ኦኬ፣ የኔታ» ብሎኝ ወጣ።

የባንዱ መሪ ሚስ ኮራ የሚባሉ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ። ሚስተር ሆሊስ ሲያስተዋውቁኝ ጊታሬን አዩና እኔን አላዩኝም።

«ጊታር ትንፋሽ የለውም» አሉ።

«ይኼኛው አለው» አሉ ሚስተር ሆሊስ።

«እንግዲያው አንድ ዙር ብቻ። ከተበላሸበት በፒያኖ እሸፍነዋለሁ፣ ጉዳዩም ሁለተኛ አይነሳም።»

ግንቦት ደረሰ። የሲያትል ግንቦት እስካሁን ያስገርመኛል፤ ሰባት ወር ያኮረፈችው ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትስቃለች። የአዳራሹ በሮች ተከፍተው የአበባ ሽታ ይገባል። ሽማግሌዎቹ በክራቫት፣ አሮጊቶቹ በባርኔጣ መጥተዋል። ሀብቶም የእናቱን ዕድሜ የሚያህሉ ሴት ጋብዞ መጨፈር ጀምሯል። ሚስተር ሆሊስ ከፊት ተቀምጠዋል፣ የኦክስጅኑ ጋን ከጎናቸው፣ ከዘራው ጉልበታቸው መሃል። ሳክስፎኑን ይዘውት መጥተው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል።

ዘፈኑ መሃል ደረሰ፣ ባንዱ ዝቅ አለ፣ ተነሳሁ። አየር ሳብኩ። የመጀመሪያው ሐረግ ወጣ፣ ከከበሮው ኋላ ኋላ ቀስ እያለ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዳንሰኞቹ ጥቂቶቹ አንገታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ አንዲት አሮጊት የጓደኛቸውን ክንድ ያዙና ወደ ሚስተር ሆሊስ አመለከቱ። ዙሯን አውቀዋታል። ጣቶቼ ሩጫውን ሮጡ፣ አየሬ እያለቀ ሄደ፣ አራት ነጥቡ ዘንድ ደረስኩና እጄን አቆምኩ።

ዝም አልኩ። አንድ፣ ሁለት። የዳንሰኞቹ ጫማ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ሚስ ኮራ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። ሦስት፣ አራት። የረሳሁ መስሏቸው ሊሸፍኑኝ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ያኔ ሚስተር ሆሊስ መዳፋቸውን ከከዘራው ላይ አንስተው ወደ እሳቸው ዘረጉ፤ ተዪ ማለታቸው ነው። የሚስ ኮራ እጅ አየር ላይ ቆመ። አምስት፣ ስድስት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሚስተር ሆሊስ አየር ሲስቡ ሰማሁ። ረጅም፣ የሚያፏጭ፣ ከሆድ ድረስ የወረደ ትንፋሽ ነበር። ሰባት፣ ስምንት። ወፍራሙን ድምፅ አስገባሁ፣ መጨረሻው ላይ ርክርኩን አደረግሁለት፣ ዙሯን ጨርሼ ተቀመጥኩ።

ሰው አጨበጨበ። ሚስተር ሆሊስ አላጨበጨቡም። ወለሉን እያዩ ተቀምጠው ቀሩ፤ እኔም አበላሸሁት አልኩ።

ጭፈራው ሲያበቃ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ኬክ በወረቀት ሳህን ይዘዋል፣ አልነኩትም።

«ያን ባዶ ቦታ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከካሴቱ ነው። እርስዎ በአፍዎ ሲያዜሙት አይሉትም፣ እኔ ግን ካሴቱን አመንኩ።»

ትክ ብለው አዩኝና መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ቱቦው ተንሸራተተ፣ እኔ አስተካከልኩላቸው።

«ልጄ፣ እሱ ሙዚቃ አይደለም» አሉኝ ሲረጋጉ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከፊቴ ደግሞ ልጃገረዶች ቆመዋል። ያለኝን አየር በሙሉ በዚያች ሩጫ ጨረስኩት። ሳክስፎኑን ጎርሼ ባዶ ሳንባዬን ይዤ ተገተርኩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ ሞልቼ እንጂ ባዶውን ትቼ ተጫውቼ አላውቅም። ካሴቱንም የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳንባቸው ያለቀ ሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዙራቸውን ሊሰሙ መጥተው፣ እኔ የሃምሳ ዓመት እፍረታቸውን በሰፈራቸው ሰው ፊት አሰማኋቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ባውቅ ኖሮ እሞላው ነበር።»

«አይ» አሉ። ኬኩን ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። «እጅህን ስታቆም ጊዜ፣ ያን ቀን የቸገረኝን አየር ሳብኩት። ገባልኝ። ከዓመት ወዲህ እንደዚያ የገባልኝ አየር የለም። በል እንዳትሞላው።»

ሚስተር ሆሊስ የሚቀጥለውን የገና በዓል ሳያዩ አረፉ። ሳክስፎኑን የእህታቸው ልጅ ወሰደችው። ካሴቱ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሀብቶም መኪና ቴፕ በላው። ቤቱም ተሸጠ፣ እኛም እንደ ብዙው ሰው ወደ ኬንት ወረድን። ሀብቶም ዛሬ የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላልሳል፤ ስንገናኝ አሁንም ስትሮ ላምጣልህ ይለኛል። እኔ ሙዚቀኛ አልሆንኩም፣ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ሰው ግን አንድ ቀን አንድ ደቂቃ ተኩል አምኖ ሰጥቶኛል፤ ይህን ሳስብ ወጣትነቴ ይናፍቀኛል፣ ዝናቡ ሳይቀር።

ይህን ሁሉ ለሰብለ ነገርኳት። ስጨርስ ደብተሩን መልሳ ወሰደችና ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች «ዱ ባ ዲ ያ» ብላ አነበበች። ሳቀች።

«ሶ፣ መሳም አልነበረብኝም?»

«ሳሚው፣ ምን አለበት» አልኳት።

ጊታሬን እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ሩጫውም እንደ ድሮው አይሮጥም። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ፣ ጣቷ በቀዩ ምልክት ላይ እየሄደ ተጫወትኩላት። አራት ነጥቡ ጋ ስንደርስ እጄን አቆምኩ፣ የእሷም ጣት ቆመ። ስምንቱን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ላይ ስደርስ፣ ከጎኔ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ልጄ አየር ስትስብ ሰማኋት።

ከዚያ ወፍራሙን ድምፅ አስገባሁ።